ሻንዶንግና ኮንፊሽየስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጥንታዊው የቻይና መምህር ስለ ኮንፊሽየስ የትውልድ አገር ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎችን ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድረናቸዋል፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሻንዶንግ የት ነው? ስሙስ ምን ማለት ነው?

በቻይና ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለ ክፍለ ሀገር ነው። ካርታ ላይ ወደ ኮሪያ አፍንጫውን ያሾለ መሬት ካያችሁ እሱ ነው። «ሻን» ተራራ፣ «ዶንግ» ምሥራቅ ነው። «ከተራሮቹ በስተምሥራቅ» እንደ ማለት ነው፤ ተራሮቹም ከክፍለ ሀገሩ በስተምዕራብ የቆሙት የታይሀንግ ተራሮች ናቸው። ቢጫ ወንዝ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ባሕር የሚገባው እዚሁ ነው። ዋና ከተማው ጂናን ይባላል፤ በምንጮቹ ብዛት የታወቀ ነው።

ስፋቱ ወደ 157,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ኢትዮጵያ ሰባት እጥፍ ትሰፋዋለች። ሕዝቡ ግን በ2020 ቆጠራ ከ101 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኝቷል። አገር የሚያህል ሕዝብ በአንድ ክፍለ ሀገር ውስጥ ማለት ነው።

የሻንዶንግ መኪና ታርጋ ላይ ያለው «ሉ» የሚለው ፊደል ምንድን ነው?

የጥንት መንግሥት ስም ነው። የዛሬው ሻንዶንግ በዡ ሥርወ መንግሥት ዘመን በዋናነት ሁለት መንግሥታት ነበሩበት። በሰሜንና በምሥራቅ «ቺ»፣ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ «ሉ»። ቺ ሀብታም ነበረች። ጨው፣ ዓሣ፣ ሐር፣ ንግድ፣ ጦር፣ ምን ያልነበራት አለ? ዋና ከተማዋ ሊንዚ በዘመኑ ከነበሩት ትልልቅ ከተሞች አንዷ ነበረች። ሉ ደግሞ ትንሽና ደካማ ነበረች፤ ኩራቷ የድሮውን ሥርዓትና ወግ ጠብቃ መያዟ ነበር። ዋና ከተማዋ ቹፉ ነበረች፤ ኮንፊሽየስም የሉ ሰው ነው።

ስሙ እስከ ታርጋ ድረስ የዘለቀው የደካማይቱ ሆነ። ደስ የሚል ነገር አለው።

የአካባቢው ታሪክ ግን ከሁለቱም ይርቃል። በ1928 በጂናን አቅራቢያ የተገኘው የሎንግሻን ባህል ከአራት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ሸክላ ሠሪዎቹ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ጥቁር ዋንጫ ይሠሩ ነበር። የእንቁላል ቅርፊት ነው የሚመስለው።

ኮንፊሽየስ ማን ነበር? ስሙስ የቻይና አይመስልም

አይደለምም። ቻይናዎች «ኮንግዚ» ወይም «ኮንግ ፉዚ» ነው የሚሉት፤ «መምህር ኮንግ» ማለት ነው። የኢየሱሳውያን ማኅበር ሚሲዮናውያን ናቸው ስሙን ወደ ላቲን አስጠግተው ለአውሮፓ ያስተዋወቁት። የቤተሰቡ ስም ኮንግ፣ የራሱ ቺዩ ነው።

የተወለደው በ551 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) እንደሆነ ይነገራል። አባቱ የሞተው እሱ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ ነው፤ እናቱ በችግር አሳደገችው። ወጣት ሆኖ የእህል ጎተራ ይቆጣጠር ነበር፤ ቀጥሎም የከብት ኃላፊ ሆነ። ሃምሳ ካለፈው በኋላ ነው በሉ መንግሥት የፍትሕ ሹም የሆነው። እሱም አልቆየም። ጎረቤት ቺ ለሉ ዘፋኝና ጨፋሪ ሴቶችን በስጦታ ላከች። የሉ ባለሥልጣናት በጭፈራው ተጠምደው ሦስት ቀን ችሎት ሳይሰየም ቀረ። ኮንፊሽየስ ነገሩን አይቶ አገር ለቆ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ወደ 14 ዓመት ገደማ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ከአንዱ መንግሥት ወደ ሌላው ዞረ፤ ምክሩን የሚሰማ ገዥ ፍለጋ ነበር። አንድም አልቀጠረውም። በ484 ቅ.ል.ክ. ወደ ቹፉ ተመልሶ ማስተማሩን ቀጠለ፤ በ479 አረፈ። ስለ ሻንዶንግ ቤተ መቅደሶች ስታነቡ ይህን አትርሱ። ነገሥታቱ ኋላ የቀቡትን ወርቅ ፋቅ ስታደርጉት ከሥር የምታገኙት ሥራ ያጣ መምህር ነው።

ታዲያ የሚያስተምረው ምን ነበር?

ሦስት ቃላት ብትይዙ አብዛኛውን ትረዳላችሁ። «ረን» ሰብአዊነት ወይም ደግነት ነው። «ሊ» ሥርዓት፣ ወግ፣ ሰውን እንደ ሰውነቱ የመቀበል አግባብ ነው። «ሺያኦ» ደግሞ ለወላጅ የሚሰጥ ክብር ነው። ስለ ሦስተኛው ሲጠየቅ የመለሰው እስካሁን ቆንጠጥ ያደርጋል። ዛሬ ወላጅን ማክበር የሚባለው ማብላት ብቻ ሆኗል አለ፤ ማብላትማ ውሻንም ፈረስንም እናበላለን፤ አክብሮት ከሌለበት ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ዚጎንግ የተባለ ደቀ መዝሙሩ ዕድሜ ልክ የሚበቃ አንድ ቃል እንዲሰጠው ጠየቀው። መልሱ ባንተ ላይ እንዲደረግ የማትፈልገውን በሌላው ላይ አታድርግ የሚል ነበር።

በጊዜው አዲስ የነበረው ግን ማንን ያስተምር ነበር የሚለው ነው። ትምህርት የመኳንንት ልጆች ድርሻ በነበረበት ዘመን እሱ የመጣውን ሁሉ ተቀበለ። አንድ እስር ሥጋ ይዞ የመጣን ሳላስተምር መልሼ አላውቅም ይላል። ሥጋው የደረቀ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ቋንጣ መሆኑ ነው። የትምህርት ቤት ክፍያው ቋንጣ ነበረ ማለት ነው፤ ለዘመኑ ደግሞ ርካሽ ነው።

ቹፉ ውስጥ ምን ይታያል?

«ሦስቱ ኮንግ» የሚባሉት ይታያሉ፦ ቤተ መቅደሱ፣ የቤተሰቡ ግቢ እና መካነ መቃብሩ። ዩኔስኮ በ1994 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ቤተ መቅደሱ የተጀመረው እሱ ባረፈ በዓመቱ ነው። የሉ መስፍን የሦስት ክፍሏን መኖሪያ ቤቱን መታሰቢያ አደረጋት። ከዚያ እያንዳንዱ ሥርወ መንግሥት እየጨመረ እየጨመረ ከደቡብ እስከ ሰሜን ጫፍ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ፣ ከመቶ በላይ ሕንፃ ያለው ግቢ ሆነ። ትልቁ አዳራሽ ዳቼንግ ይባላል። በ1724 መብረቅ አቃጥሎት እንደገና ተሠራ። ፊት ለፊቱ አሥር የድንጋይ ምሰሶዎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ዘንዶዎች ደመና ውስጥ ሲጠማዘዙ ተቀርጸዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ሲመጣ ምሰሶዎቹ በሐር ይሸፈኑ ነበር ይባላል። የቤጂንጉን ቤተ መንግሥት ስለሚያስንቁ እንዳይቀና ነው።

እኔን ከቤተ መቅደሱ ይልቅ የሚስበኝ የቤተሰቡ ግቢ ነው። የኮንፊሽየስ የበኩር ዘሮች እዚያ እንደ መሳፍንት ኖረዋል። ከውስጠኛው በር ጀርባ ግድግዳ ላይ «ታን» የተባለ አውሬ ሥዕል አለ። «ታን» ስግብግብነት ማለት ነው። እግሩ ሥር የዓለም ሀብት ሁሉ ተከምሯል፤ አፉን ግን ከፍቶ ፀሐይዋን ሊውጥ ይንጠራራል። መስፍኑ ወጣ ባለ ቁጥር ይህን እንዲያይ ነው የተሳለው። ወደ ሴቶቹ መኖሪያ ደግሞ የውጭ ወንድ ድርሽ አይልም ነበር። ውኃ ቀጂው ራሱ አይገባም። ግድግዳው ላይ የድንጋይ አሸንዳ አለ፤ ከውጭ ይደፋዋል፣ ከውስጥ ይቀበሉታል። አሸንዳው ዛሬም አለ።

መካነ መቃብሩ ጫካ ነው። ዙሪያው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል በግንብ ታጥሯል፤ ከመቶ ሺህ በላይ የኮንግ ዘሮች ተቀብረውበታል። የኮንፊሽየስ መቃብር ሣር የበቀለበት የአፈር ጉብታ ነው። አጠገቡ አንዲት ትንሽ ቤት አለች። መምህሩ ሲሞት ሌሎቹ ደቀ መዛሙርት ሦስት ዓመት አዝነው ተበተኑ፤ ዚጎንግ ግን ሌላ ሦስት ዓመት ጨምሮ ብቻውን የቆየባት ቦታ ናት።

ዘሮቹ እስካሁን አሉ የሚባለው እውነት ነው?

አሉ። በ2009 የታተመው የቤተሰቡ የትውልድ መዝገብ ከ80 በላይ ትውልድ ይቆጥራል፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ስም ይዟል። ሴት ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡትም በዚሁ እትም ነው።

የትውልድ አቆጣጠሩ ብልሃት አለው። ለየትውልዱ አስቀድሞ የተወሰነ ቃል አለ፤ ልጁ ስሙ ውስጥ ያን ቃል ያስገባል። 76ኛው ትውልድ «ሊንግ»፣ 77ኛው «ደ»፣ 78ኛው «ዌይ»፣ 79ኛው «ቹዪ» ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ኮንጎች ባቡር ላይ ቢገናኙ ስማቸውን ተለዋውጠው ማን አጎት ማን የወንድም ልጅ እንደሆነ ወዲያው ያውቃሉ። አንዳንዴ አጎት የሚሆነው ጎረምሳው፣ የወንድም ልጅ የሚሆነው ሽማግሌው ነው።

የበኩር ዘሩ ከ1055 ጀምሮ «ያንሼንግ መስፍን» የሚል ማዕረግ ይወርስ ነበር። የመጨረሻው ኮንግ ደቼንግ ነው። ማዕረጉ በ1935 ወደ ተራ የመታሰቢያ ሹመት ተለወጠ፤ እሱም በኋላ ወደ ታይዋን ሄደና በ2008 እዚያው አረፈ። የመታሰቢያ ሹመቱን አሁን የያዘው የልጅ ልጁ ነው።

ከሻንዶንግ ሰው ጋር ማዕድ ብቀርብ ምን ልወቅ?

ዝም ብላችሁ ወንበር ስባችሁ እንዳትቀመጡ። ዋናው ጋባዥ በሩን ፊት ለፊት እያየ ይቀመጣል። የክብር እንግዳው በቀኙ ነው፤ ሁለተኛው እንግዳ በግራው። ረዳት ጋባዡ ደግሞ ለበሩ ጀርባውን ሰጥቶ ከዋናው ፊት ለፊት ይሆናል። መጠጥ የሚነሣውም በተራ ነው። በተለይ ለሥራ የሄደ ሰው ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ቻይናዎቹ ራሳቸው በዚህ ወግ አጥባቂነት የሻንዶንግን ሰዎች ይቀልዱባቸዋል።

ኮንፊሽየስም ስለ ምግብ ቀላል ሰው አልነበረም። በአግባቡ ያልተቆረጠ ሥጋ አይበላም፤ ዝንጅብል ከማዕዱ አይለይም፤ መጠጥ ላይ ልክ አላበጀም፣ ግን ሰክሮ አያውቅም ተብሎ ተጽፏል። የተራው ሰው ምግብ ደግሞ «ጂያንቢንግ» ነው። ሊጡ ክብ የብረት ምጣድ ላይ ስስ ሆኖ ይዘረጋል፤ ሲበስል ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚያልፍ የሻንዶንግ ባሮ ሽንኩርት ተጠቅልሎበት በጥሬው ይገመጣል። ከአፍ ሽታው ጋር እግዜር ይሁናችሁ።

ቹፉን ማየት ብፈልግ እንዴት ልሂድ?

ከ2011 ጀምሮ የቤጂንግ–ሻንጋይ ፈጣን ባቡር በቹፉ ምሥራቅ ጣቢያ ያልፋል። ከቤጂንግ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ከዚያ አውቶቡስ ወይም ታክሲ ያስፈልጋል። ድሮ ባቡር በከተማው አጠገብ አያልፍም ነበር። የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሐዲድ ሊዘረጋ ሲል የዘመኑ መስፍን «የአያቴን መቃብር ያውክብኛል» ብሎ አቤቱታ አቀረበ፤ መሐንዲሶቹም መስመሩን አጠማዘዙት።

ታይሻን ተራራም በዚያው መስመር ነው። ቁመቱ ከ1,500 ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ለደጋ ሰው ምንም አይደለም። ግን ከ6,000 በላይ የድንጋይ ደረጃ አለው፤ ጉልበታችሁን አትናቁ። የመጀመሪያው የቻይና ንጉሠ ነገሥት በ219 ቅ.ል.ክ. ለሰማይ መሥዋዕት ያቀረበው እዚያ ነው። እና አንድ ጥቆማ፦ በቹፉ ከኮንፊሽየስ ቃላት የተወሰኑ ጥቅሶችን በቃሉ ለሚወጣ ጎብኚ መግቢያው ነጻ የሚሆንበት አሠራር ነበር። ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ።

ኮንፊሽየስን ያመልኩታል? ሃይማኖት ነው?

ቤተ መቅደስ አለ፣ ዕጣን አለ፣ መሥዋዕት አለ፤ ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ቻይና በይፋ የምታውቃቸው ሃይማኖቶች አምስት ናቸው፦ ቡድሂዝም፣ ታኦይዝም፣ እስልምና፣ ካቶሊክ እና ፕሮቴስታንት። የኮንፊሽየስ ትምህርት የለበትም። ኢንዶኔዥያ ግን ሃይማኖት ብላ ተቀብላዋለች።

እሱ ራሱ ስለ ሞት ሲጠየቅ ሕይወትን ገና ሳናውቅ ሞትን እንዴት እናውቃለን ብሎ አልፎታል። የቹፉው ሥርዓት ለአምላክ ከሚደረግ ስግደት ይልቅ ለታላቅ አያት ለሚደረግ መታሰቢያ ይቀርባል። በየዓመቱ በሴፕቴምበር 28 ልደቱ ይከበራል። ታይዋን ውስጥ ይኸው ቀን የመምህራን ቀን ነው።

መጻሕፍቱ ተቃጥለዋል ይባላል። ታዲያ እንዴት ደረሱን?

በ213 ቅ.ል.ክ. የቺን ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት፣ ያው ታይሻን ላይ የሠዋው፣ በግል እጅ ያሉ የድሮ መጻሕፍት እንዲቃጠሉ አዘዘ። መጽሐፍ ያኔ ወረቀት አይደለም፤ በክር የታሰረ የቀርከሃ ስንጣሪ ነው። ከባድ ነው፣ ቦታ ይይዛል፣ ለመደበቅም ያስቸግራል። የኮንግ ቤተሰብ በቤታቸው ግድግዳ ውስጥ ሸሸጉት ይባላል። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ፣ በሀን ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ የሉ መስፍን ቤተ መንግሥቱን ለማስፋት የኮንፊሽየስን የድሮ ቤት ማፍረስ ሲጀምር ከግድግዳው ውስጥ የቀርከሃ ጽሑፎች ወጡ።

ጽሑፎቹ በጥንታዊ ፊደል ስለነበሩ ሌላ ጣጣ አመጡ። ሽማግሌዎች በቃላቸው ይዘው ካስጻፉት ጋር በየቦታው ይለያያሉ። የትኛው ነው ትክክለኛው? ሊቃውንቱ በዚህ ሁለት ሺህ ዓመት ሲከራከሩ ኖረዋል። ዛሬ በቤተ መቅደሱ ግቢ ውስጥ «የሉ ግድግዳ» የተባለ ቀይ ግንብ ቆሟል። የመጀመሪያው ግድግዳ አይደለም፤ ለመታሰቢያ የተሠራ ነው።

ማንም ያልቀጠረው መምህር እንዴት የመንግሥት ትምህርት ሆነ?

የሀን መሥራች በ195 ቅ.ል.ክ. ቹፉ መጥቶ በሬ፣ በግና አሳማ ሠዋለት። ያ ሰውዬ ከዚያ በፊት የተማሩ ሰዎችን የሚንቅ ገበሬ–ወታደር ነበር፤ ግዛት በፈረስ ይያዛል እንጂ በፈረስ አይገዛም የሚለው የገባው ኋላ ነው። ንጉሥ ዉ ደግሞ በ136 ቅ.ል.ክ. አምስቱን ጥንታዊ መጻሕፍት የመንግሥት ትምህርት አደረጋቸው፤ በ124 ለነሱ ማስተማሪያ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ከፈተ።

ከዚያ የመንግሥት ፈተናው መጣ። ሹመት የሚፈልግ ሰው መጻሕፍቱን በቃሉ ይዞ መፈተን ነበረበት፤ ይህ እስከ 1905 ድረስ ዘለቀ። የደሃ ልጅ በትምህርት ወደ ላይ የሚወጣበት መሰላል ሆነ። ያው መሰላል ግን ነገሥታቱ ታዛዥ ሹም የሚመለምሉበትም ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

ሜንሺየስስ? እሱም የሻንዶንግ ሰው ነው?

አዎ፤ ከኮንፊሽየስ ቀጥሎ የሚጠራው የትምህርቱ መምህር ነው። ከቹፉ በስተደቡብ ብዙም የማይርቅ ዞቼንግ የሚባል ከተማ አለ፣ የዚያ ሰው ነው። ከኮንፊሽየስ መቶ ዓመት ገደማ ዘግይቶ መጣ። ከሱ ይልቅ የእናቱ ታሪክ ይታወቃል። መጀመሪያ መቃብር አጠገብ ሲኖሩ ልጁ የቀብር ጨዋታ ያዘ። ገበያ አጠገብ ሲዛወሩ ሲገዛና ሲሸጥ መጫወት ጀመረ። ሦስተኛ ጊዜ ትምህርት ቤት አጠገብ ቤት ያዙ፤ ልጁም ሥርዓት መለማመድ ጀመረ፤ እናቱም «ቦታው ይሄ ነው» አለች። ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲሉ ኪራይ ቤት ለሚቀያይሩ የዛሬ ወላጆች አዲስ ታሪክ አይደለም።

ሻንዶንግ ውስጥ ጀርመኖች ምን ይሠሩ ነበር? ከኮንፊሽየስ ጋርስ ምን አገናኘው?

በ1897 ሁለት ጀርመናዊ ሚሲዮናውያን ሻንዶንግ ውስጥ ተገደሉ። ጀርመን ያንን ሰበብ አድርጋ የጂያኦጆውን የባሕር ወሽመጥ ያዘች፤ በማግስቱ ዓመት ለ99 ዓመት «በኪራይ» አስፈረመች። የቺንግዳኦ ከተማ ቀይ ጣሪያዎችና በ1903 የተመሠረተው ዝነኛ ቢራ የዚያን ጊዜ ትራፊ ናቸው። በ1914 ጃፓን ቀማቻቸው።

በ1919 በፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ቻይና መሬቴን መልሱልኝ አለች። ወጣቱ ዲፕሎማት ዌሊንግተን ኩ ሻንዶንግ የኮንፊሽየስና የሜንሺየስ መወለጃ፣ ለቻይናውያን ቅድስት አገር ናት ብሎ ተከራከረ። ኃያላኑ ለጃፓን ሰጡት። ሜይ 4 ቀን የቤጂንግ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። ለኮንፊሽየስ አገር የተቆጣው ያው ትውልድ «እንዲህ ያደከመን ኮንፊሽየስ ነው» ብሎ በሱ ላይ ተነሣ። ለአባት ታዘዝ፣ ለሹም ታዘዝ የሚለው ትምህርት አገሪቱን ሽባ አደረጋት አሉ። መሬቱ በ1922 ተመለሰ። ክርክሩ ግን አላበቃም።

በባህል አብዮት ጊዜ ቹፉ ምን ደረሰባት?

በኖቬምበር 1966 ከቤጂንግ የመጡ ቀይ ዘቦች፣ ማለትም የኮሙኒስት ፓርቲው መሪ የማኦ ወጣት ደጋፊዎች፣ ቹፉ ገቡ። ዳቼንግ አዳራሽ ውስጥ የነበረውን የኮንፊሽየስን ሐውልት ጎትተው አወጡና አቃጠሉት። የተጻፈባቸው ድንጋዮች ተሰበሩ፣ መጻሕፍትና ሥዕሎች ነደዱ፤ የወደመው ቅርስ ከስድስት ሺህ በላይ ነው። መቃብሩንም ቆፈሩት፤ ያገኙት ነገር የለም። የቅርብ ዘመን መሳፍንት መቃብር ግን ተከፍቶ አስከሬናቸው ተጎትቶ ወጥቷል።

ዛሬ መቃብሩ ፊት የቆመው የ1443 ድንጋይ ያኔ ተሰባብሮ በኋላ ቁርጥራጩ ተገጣጥሞ የተመለሰ ነው። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ስንጥቁ ይታያል። ደግ አደረጉ ስንጥቁን ባይደብቁት። በ1974 ደግሞ ኮንፊሽየስን መተቸት አገር አቀፍ ዘመቻ ሆኖ ነበር፤ በየፋብሪካውና በየእርሻው ስብሰባ ይጠራ ነበር። ትምህርቱን አንብቦት የማያውቅ ብዙ ሰው ሊሰድበው ሲል አነበበው።

ታዲያ ያው ኮሙኒስት ፓርቲ አሁን ለምን ያከብረዋል?

ሥርዓት፣ ስምምነት፣ ታላቅን ማክበር የሚሉ ቃላት ለሚገዛ ሰው ይመቻሉ። ሺ ጂንፒንግ በኖቬምበር 2013 ቹፉን ጎብኝቷል። ኮንፊሽየስ በተወለደበት በኒሻን ኮረብታ አካባቢ 72 ሜትር ቁመት ያለው የነሐስ ሐውልት ቆሟል። ከ2004 ወዲህ ቻይንኛ የሚያስተምሩ የኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩቶች በዓለም ዙሪያ ተከፍተዋል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም አለ። በአሜሪካና በአውሮፓ ግን የፖለቲካ ተጽዕኖ ያመጣሉ ተብለው ብዙዎቹ ተዘግተዋል። ኢንስቲትዩት ገብቶ ፍልስፍና እማራለሁ የሚል ካለ ይወቅ፤ ዋናው ሥራቸው ቋንቋ ነው።

ሆኖም ፓርቲውም ልቡ አልሞላም። በጃንዋሪ 2011 ትልቅ የኮንፊሽየስ ሐውልት ከቲያናንመን አደባባይ ጎን፣ ሙዚየሙ በር ላይ ቆመ። በኤፕሪል አንድ ሌሊት ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሙዚየሙ ውስጥ ግቢ ገባ። ይህ ነው የሚባል ምክንያት አልተሰጠም።

አባት ቢሰርቅ ልጁ ይሸፍነው ይላል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ እኔ እንደማስበው ከቃሎቹ ሁሉ አስቸጋሪው ነው። አንድ መስፍን «በእኛ አገር ቀና ሰው አለ፤ አባቱ በግ ቢሰርቅ መሠከረበት» ብሎ ፎከረበት። ኮንፊሽየስ በእኛ ዘንድ ቀናነት ሌላ ነው አለ፤ አባት ለልጁ ይሸፍናል፣ ልጅም ለአባቱ፤ ቀናነት በዚህ ውስጥ አለ።

ሰው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ወገን የዘመድ አሠራርና የሙስና ሥር ይኸው ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ልጅን በአባቱ ላይ የሚያስመሰክር መንግሥት ምን እንደሚመስል በ1966 አየነው ይላል። የቻይና የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በ2012 ሲሻሻል የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅና ልጅ ፍርድ ቤት ቀርበው እንዲመሰክሩ አይገደዱም የሚል ገባበት። እኔ ወደ ሁለተኛው ወገን አደላለሁ፤ ግን በጉ የተሰረቀበት ሰውዬ ምን ይበል?

ሴቶችን ዝቅ ያደርጋል?

አንድ መጥፎ ዓረፍተ ነገር አለ። ሴቶችና ዝቅተኛ ሰዎች ለመያዝ ያስቸግራሉ፤ ስትቀርባቸው ይዳፈራሉ፣ ስትርቃቸው ይቀየማሉ ይላል። አንዳንድ ተንታኞች የቤት አገልጋዮችን ነው ያለው ብለው ሊያለሳልሱት ይሞክራሉ። ለእኔ አይዋጥልኝም፤ እንደተጻፈው ነው።

ቢሆንም የኋላውን ሁሉ እሱ ላይ መጫን ልክ አይደለም። የሴቶችን እግር ማሰር የመጣው እሱ ከሞተ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሻንዶንግም ዝም ያሉ ሴቶች ብቻ ያሉበት አገር አልነበረም። በ1084 ጂናን አካባቢ የተወለደችው ሊ ቺንግጃኦ ከቻይና ታላላቅ ገጣሚዎች አንዷ ናት። ባሏ ሞቶባት ሌላ አገባች፤ ሁለተኛው ሲበድላት ከሰሰችውና ተፋታች። በዚያ ዘመን።

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የሚዞሩት ጥቅሶች የሱ ናቸው?

ብዙዎቹ አይደሉም። «የምትወደውን ሥራ ምረጥ፣ ዕድሜህን ሙሉ አንድም ቀን አትሠራም» የሚለው የሱ አይደለም። የሺህ ማይል ጉዞ በአንድ እርምጃ ይጀምራል የሚለው ደግሞ የሌላው ጥንታዊ የቻይና አሳቢ፣ የላኦዚ ነው። (እኛም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለን፤ ስሙን ለጥፈን ብንለቀው ሰው ያምነናል።)

እርግጠኛ መሆን የፈለገ «ሉንዩ» በሚባለው የቃሎቹ ስብስብ ውስጥ ይፈልገው። 20 ምዕራፍ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ራሱ አልጻፈውም፤ ደቀ መዛሙርቱና የደቀ መዛሙርቱ ተማሪዎች ናቸው ከሞቱ በኋላ የሰበሰቡት። ስለዚህ ፍልስፍናም፣ የአነጋገር ወጉም፣ አበላሉም፣ ሲተኛ እንዴት እንደነበር ሁሉ ተደባልቆ ይገኛል። አሥረኛው ምዕራፍ ላይ አንድ አጭር ነገር አለ። የፈረሶች በረት ተቃጠለ። ኮንፊሽየስ ከቤተ መንግሥት ሲመለስ ሰማ። «ሰው ተጎዳ?» አለ። ስለ ፈረሶቹ አልጠየቀም።